የሚለመድ ድርቀት፦ ስለ ገበታችን፣ ስለ ጠዋታችንና ስለ አንጀታችን

በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርት መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር፣ ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ጥቂት ፈገግታ ማስከተሉን ሰምቻለሁ። የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ ጉዳይ በቀጥታ መናገር በባህላችን ነውር ነው። ሰው «እጄን ልታጠብ» ብሎ ይነሣል እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። ወደ ሕክምና የመጣ ሰውም ቢሆን «ሆዴን ይነፋኛል» ይልና ቀሪውን ሐኪሙ እንዲገምት ይተወዋል። ጨዋነቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ያልተነገረ ነገር አይጠየቅም፤ ያልተጠየቀም ነገር ከጎረቤት በሰማነው፣ ከገበያ በገዛነው ይታከማል። ስለሆነም ዛሬ ነገሩን በስሙ ጠርቼ እናገራለሁ፤ ለዚህም ቅድሚያ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያ ስለምን እንደምንነጋገር እንለይ። ብዙ ሰዎች በየቀኑ አለመጸዳዳት በራሱ ሕመም ይመስላቸዋል። አይደለም። በጤናማ ሰዎች ዘንድ ከቀን 3 ጊዜ እስከ ሳምንት 3 ጊዜ ድረስ ያለው ሁሉ የተለመደ ነው። የሆድ ድርቀት የሚባለው ቁጥሩ ከዚህ ሲያንስ፣ ወይም ቁጥሩ ሳያንስም ቢሆን ዓይነ ምድሩ ሲጠጥር፣ ብዙ ማማጥ ሲጠይቅ፣ ከተጸዳዱም በኋላ ያልጨረሱ ያህል ሲሰማ ነው። በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1997 የታወቀው ሰንጠረዥ የዓይነ ምድርን ቅርጽ በ7 ዓይነት ይከፍላል። እንደ ፍየል በጠጥ የተነጣጠለው 1ኛው፣ ተያይዞ የተጎረባበጠው 2ኛው ነው፤ ድርቀትን የሚያመለክቱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ቀን ከመቁጠር ይልቅ ቅርጹን ማየት የበለጠ ይነግረናል። ዛሬ የምናገረውም ጤናማ ሰው በፈተና ሰሞን፣ በጉዞ፣ በጾም መግቢያ ወይም መኖሪያ ሲቀይር አልፎ አልፎ ስለሚያጋጥመው ድርቀት ነው። ለወራት የዘለቀ ድርቀት ምርመራ ይፈልጋል፤ ወደ እርሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

«ድርቀት» የሚለው የአማርኛ ስም፣ በእኔ እምነት፣ ከአውሮፓውያኑ ስም የተሻለ ነው። የእነርሱ ቃል መነሻው ላቲን ሲሆን መጨናነቅን፣ መታጨቅን ያመለክታል። የእኛው ግን የነገሩን ምክንያት ይናገራል። ከትንሹ አንጀት ወደ ትልቁ አንጀት በየቀኑ 1.5 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያለበት የምግብ ቅሪት ይገባል። የትልቁ አንጀት ዋና ሥራ ውኃውን ወደ ሰውነት መመለስ ነው፤ ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጣው ከ200 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። እንግዲህ ቅሪቱ በአንጀት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር የሚመጠጠው ውኃ ይበዛል፤ የቀረውም ይደርቃል። የደረቀው ነገር ደግሞ ለመገፋት ያስቸግራልና ይበልጥ ይቆያል፤ ይበልጥም ይደርቃል። የዛሬው ንግግር ሁሉ በዚህች ቀላል እውነት ላይ የቆመ ነው፤ ጥያቄው ምን ያቆየዋል የሚለው ነው።

ብዙውን ጊዜ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ስለ ምግብ ብቻ ነው። እኔ ግን በምግብ አልጀምርም። ትልቁ አንጀት ቀኑን ሙሉ በአንድ ዓይነት ፍጥነት አይሠራም። በቀን ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ከላይ እስከ ታች የሚጠርግ ብርቱ የመኮማተር ማዕበል ይነሣበታል። ይህ ማዕበል በይበልጥ የሚነሣው ከእንቅልፍ ስንነቃና ምግብ ወደ ጨጓራ ሲገባ ነው፤ ከሁሉም የሚበረታው ሁለቱ በሚገናኙበት ሰዓት፣ ማለትም ከቁርስ በኋላ ነው። ማዕበሉ ቅሪቱን ወደ አንጀቱ የመጨረሻ ክፍል ሲያደርሰው የዚያ ክፍል ግድግዳ ይለጠጣል፤ ያን ጊዜ ጥሪው ይሰማናል። ጥሪውን ተቀብለን ከተነሣን ነገሩ በጥቂት ደቂቃ ያበቃል። ጡንቻችንን አጥብቀን ከያዝነው ግን ጥሪው ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ጥሪው ደበዘዘ ማለት ቅሪቱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ተቀምጦ ውኃውን እያጣ ይጠብቃል።

እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ አንድ ጥናት ድርቀት ሊለመድ ይችል እንደሆነ ጠይቆ ነበር። 12 ጤናማ ወንዶች ለአንድ ሳምንት ያህል የመጸዳዳት ፍላጎታቸውን በተቻላቸው መጠን እንዲገቱ ተደረገ። ምግባቸው ድርቀት የሚያመጣ አልነበረም፤ አንጀታቸውም ደኅና ነበር። ሆኖም የሚጸዳዱበት ጊዜ ቁጥር አነሰ፤ ቅሪቱ በአንጀታቸው ውስጥ የሚያልፍበትም ጊዜ ረዘመ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ሆኖም ከአንጀት አሠራር ጋር የሚስማማ በመሆኑ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። ድርቀት በልማድ ሊመጣ ይችላል፤ በልማድ የመጣውም በልማድ ሊመለስ ይችላል።

አሁን ይህን ወደ ተማሪዎቻችን ሕይወት እናምጣው። ትምህርት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይጀምራል። ተማሪው ሌሊቱን ሲያነብ አምሽቶ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል። በመኖሪያ ሕንፃው ያለው መጸዳጃ ቤት ወይ ወረፋ አለው፣ ወይ ውኃው ሄዷል፣ ወይ በሩ አይዘጋም። ቁርሱን ቆሞ ይበላና ወደ ክፍል ይሮጣል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ መምህሩ ንግግሩን ሲጀምር፣ ጥሪው ይመጣል። ተማሪው ያፍራል፤ ይይዘዋል። ነገም እንዲሁ ይሆናል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሆዱ ይነፋል፣ ምግብ ያስጠላዋል፤ ምክንያቱንም በምግብ አዳራሹ ወጥ ላይ ያሳብባል። የሴት ተማሪዎች ነገር ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ውኃና ብርሃን፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በርም በሌለበት ሕንፃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይዘው መዋልን ከልጅነታቸው የለመዱ ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ላለችው ተማሪ ፓፓያ ብይ ብሎ መምከር ምክር አይባልም። የመጸዳጃ ቤት በርና የቧንቧ ውኃ ጉዳይ ከጥገና ክፍል መዝገብ አልፎ የተማሪ ጤና ጉዳይ ሆኖ እንዲታይ፣ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የአስተዳደር ኃላፊዎች እንድታስቡበት አሳስባለሁ።

ልማዱ እንዴት ይመለሳል? ሰዓት በመስጠት። ከመነሻ ሰዓታችሁ ላይ 20 ደቂቃ ቀንሱ። ትኩስ ነገር ጠጡ፤ ቁርስ ብሉ። ከዚያም በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ጥሪው ቢሰማም ባይሰማም፣ ለጥቂት ደቂቃ መጸዳጃ ቤት ግቡ። አታምጡ። ነገሩ ካልመጣ ተነሥታችሁ ውጡ፤ ነገም በዚያው ሰዓት ተመለሱ። አንጀት ሰዓትን ይማራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በአንድ ቀን አይማርም። ስልካችሁን ይዛችሁ አትግቡ። ይህን የምለው በሥነ ሥርዓት ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ መቆየት በፊንጢጣ ዙሪያ ያሉትን የደም ሥሮች ያስጨንቃል፤ ለኪንታሮትም ያጋልጣል።

ስለ አቀማመጥም አንድ ነገር ልበል። የአንጀቱን መጨረሻ እንደ ወንጭፍ ጠምዝዞ የሚይዝ ጡንቻ አለ። ስንቆም ያጥፈዋል፤ ቁጢጥ ስንል ግን ይላላል፤ መንገዱም ይቃናል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት 28 ጤናማ ሰዎች በሦስት ዓይነት አቀማመጥ ሲጸዳዱ የወሰደባቸውን ጊዜ ለክቶ፣ ቁጢጥ ማለት ከሁሉም ያነሰ ጊዜና ያነሰ ማማጥ እንደሚጠይቅ አሳይቷል። አያቶቻችን ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለጋቸውም። በዘመናዊው መቀመጫ የምትጠቀሙ ከሆነ ከእግራችሁ በታች ዝቅ ያለ በርጩማ አድርጉ፤ ጉልበታችሁ ከወገባችሁ ከፍ ይበል፤ ጥቂት ወደ ፊት አዘንብሉ። ይህ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ሕክምና ነው።

ወደ ገበታው እንምጣ። ዛሬ አሰር፣ በተለምዶም ፋይበር ስለምንለው የምግብ ክፍል ዓለም እንዲነጋገር ካደረጉት ሰዎች አንዱ በኡጋንዳ፣ በካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የሠራው የአየርላንድ ተወላጅ ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት ነው። በርኪት በአፍሪካ ገጠር የሚኖሩ ሰዎች ዓይነ ምድር ብዙና ለስላሳ፣ በአንጀት ውስጥም የሚያልፍበት ጊዜ አጭር መሆኑን ተመለከተ፤ በእንግሊዝ ያለው ግን ጥቂትና ጠጣር፣ ጉዞውም ረጅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ከባልደረቦቹ ጋር ይህንን አሳተመ። በርኪት ከአሰር ማነስ ጋር ካያያዛቸው በሽታዎች አንዳንዶቹ ዛሬም ያከራክራሉ፤ ስለ ዓይነ ምድር ያለው ግን ጸንቶ ቆሟል። አሰር በትንሹ አንጀት አይፈጭም። ከፊሉ ውኃ ይዞ ያብጣል፤ ከፊሉ የአንጀት ባክቴሪያዎች ምግብ ሆኖ ያበዛቸዋል፤ በሁለቱም መንገድ ቅሪቱ ይበዛል፣ ይለሰልሳል፣ ይፈጥናል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ከምግብ እንዲገኝ ይመክራል። ይህን በእኛ እህል እንመዝነው። በ100 ግራም የጤፍ እህል 8 ግራም ያህል አሰር አለ። የጤፍ ፍሬ ከማነሷ የተነሣ ገለባዋን ለይቶ መፈተግ አይቻልም፤ ስለዚህ ነጭም ሆነ ቀይ፣ ጤፍ ሁልጊዜ ሙሉ እህል ነው። ምስርና ሽምብራ በ100 ግራም ከ10 እስከ 12 ግራም፣ ያልተፈተገ ገብስ 17 ግራም ያህል ይይዛሉ። የነጭ ስንዴ ዱቄት ግን ከ3 ግራም ያነሰ፣ ነጭ ሩዝም ከ2 ግራም ያነሰ ነው። አሁን የከተማውን ገበታ ተመልከቱ፤ ጠዋት ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ቀን ፓስታ ወይም ሩዝ፣ ማታ ደግሞ ከጤፍ ዋጋ መናር የተነሣ ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ። ከቤተሰቡ ገበታ ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ተማሪ በአንድ ወር ውስጥ የአሰር መጠኑ ሲያሽቆለቁል አያስተውልም፤ በልቶ ጠግቧልና።

መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ብዙዎቻችሁም ከቤት ይዛችሁት መጥታችኋል። እናቶች ለተማሪ ልጅ የሚቋጥሩት በሶና የገብስ ቆሎ በአሰር የታወቁ ምግቦች ናቸው። ልጁ ግን በሶውን ሻንጣ ውስጥ ትቶ ብስኩት ሲገዛ ይታያል። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን የየቀን ምግብ ይሁኑ። ፍራፍሬ ሲገኝ ከነሥጋው ይበላ፤ ብርቱካን ከተጨመቀ ውኃው እንጂ አሰሩ አይተርፍም። በየጭማቂ ቤቱ የሚቀርበው ወፍራሙ የፓፓያና የአቮካዶ ስፕሪስ ከዚህ ይለያል፤ ፍሬው ሁሉ ስለሚፈጭ አሰሩ ውስጡ አለ፣ ስኳር እንዳይጨመርበት ብቻ ንገሩ።

ተልባን ለብቻው ላንሣው፤ ይገባዋልና። በ100 ግራም 27 ግራም ያህል አሰር አለው፤ ከዚህም ከፊሉ በውኃ ሲነካ የሚያሟልጭ ልጋግ የሚሰጠው ዓይነት ነው። በቤታችን ተቆልቶና ተፈጭቶ በውኃ የሚመታው ተልባ ለድርቀት መታዘዙ ከንቱ ልማድ አይደለም፤ አሠራሩ ይታወቃል። አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ በቂ ነው። ውኃው ግን ግዴታ ነው። ውኃ የሚስብ ነገር ያለ ውኃ ከተወሰደ የሚያባብሰው እንጂ የሚያቃልለው የለም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ተልባውን ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ ሰዓት ባይጠጣ ይመረጣል፤ ልጋጉ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ሊያዘገየው ይችላል።

አሰርን በአንድ ቀን አታብዙ። ለወራት ነጭ ዳቦ የበላ አንጀት በድንገት በባቄላና በገብስ ቢሞላ በጋዝ ይወጠራል፤ ሰውየውም «አልተስማማኝም» ብሎ ይተወዋል። በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ።

ስለ ውኃ ብዙ ይባላል፤ እኔ አጭር ነኝ። ውኃ የጎደለው ሰው መጠጣት አለበት፤ በቆላ ያለ፣ ስፖርት የሚሠራ፣ ቀኑን ሳይጠጣ የሚውል ሁሉ። በቂ ውኃ የሚጠጣ ሰው ከዚያ በላይ ሦስት ሊትር ቢጨምር ግን ትርፉን የሚያወጣው በሽንት ነው። ቡና ብዙዎችን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያስነሣል፤ ምክንያቱም የትልቁን አንጀት እንቅስቃሴ ያነቃቃል። ስለዚህ የጠዋቷ አቦል ከቁርስ ጋር ስትገጥም የልማዱ ረዳት ናት። እግርን ማንቀሳቀስም ይረዳል፤ በፈተና ሰሞን ከመቀመጫው የማይነሣ ተማሪ በቀን ግማሽ ሰዓት ቢራመድ ለአንጀቱም ለአእምሮውም ይጠቅመዋል።

ከቡና ጋር የማይነጻጸረው ጫት ነው። በፈተና ሰሞን ለንቃት ተብሎ የሚቃመው ጫት ድርቀትን እንደሚያመጣ በሕክምና የታወቀ ነው። የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የአንጀትን ጉዞ ያዘገያል፤ እንቅልፍ ሲያሳጣም የጠዋቱን ሰዓት አብሮ ይወስዳል። የሚቅም ተማሪ ተልባ ቢጠጣ አንድ እጁ የገነባውን በሌላው ያፈርሳል።

ጾምን በተመለከተ ብዙ ጊዜ ጥያቄ ይቀርባል። የጾም ምግባችን ከጥራጥሬና ከአትክልት የተሠራ በመሆኑ በአሰር ረገድ ከፍስኩ የሚያንስ አይደለም። ችግሩ ሰዓቱ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ቀትር በኋላ፣ በረመዳንም እስከ ምሽት ድረስ የሚጾም ሰው ከቁርስ በኋላ የሚነሣውን ማዕበል ያጣዋል። አንጀት ግን ከሚፈታበት ማዕድ በኋላም ይጣራል። ስለዚህ ጿሚው የመጸዳጃ ሰዓቱን ከማዕዱ ጋር ያዛውር፤ የሚጠጣውንም ውኃ በሚፈቀድለት ሰዓት ያዳርስ።

አሁን ወደ ከበደው ጉዳይ ልለፍ፤ እርሱም «ሆድን ማጽዳት» የሚለው እምነት ነው። አባቶቻችን ኮሶን በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጡ እንደነበር ይታወቃል። የሚጠጡት ግን ለድርቀት አልነበረም፤ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን የኮሶ ትል ለማስወጣት ነበር። በሽታው እውነተኛ ነበር፤ መድኃኒቱም ይሠራ ነበር፤ ሲበዛ ግን የዓይንን ብርሃን እስከ ማሳጣት ይጎዳ ነበር። ትሉ በዘመናዊ ክኒን ሲድን ኮሶው ቀረ፤ ሆድ በየጊዜው መታጠብ አለበት የሚለው አሳብ ግን አልቀረም። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በለንደን ስመ ጥር የነበረው ቀዶ ሐኪም አርበትኖት ሌን ዓይነ ምድር በአንጀት መቆየቱ ሰውነትን ይመርዛል ብሎ በማመኑ፣ ለድርቀት ሲል የሰዎችን ትልቁን አንጀት ቆርጦ እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር። የመመረዙ አሳብ በማስረጃ አልተደገፈም። ዛሬ «መርዝ ያስወግዳል» እየተባለ የሚሸጠው ሻይ የዚያ አሳብ የልጅ ልጅ ነው፤ ከነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ሰናመኪ አለባቸው።

ሰናመኪም ሆነ የጉሎ ዘይት አንጀትን አስገድደው ያስነሣሉ። ሰናመኪ በሕክምናም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፤ ልማድና ምግብ ተሞክረው ሳይበቁ ሲቀሩ፣ ለጥቂት ቀን፣ በፋርማሲ ባለሙያ ምክር ቢወሰድ አልነቅፈውም። የምነቅፈው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ መጠኑ በማይታወቅ ሻይ መልክ በየሳምንቱ መውሰድ፤ የሰውነትን ውኃና ጨው ያዛባል። ሁለተኛው፣ አንጀቱ በመድኃኒት ባዶ ከሆነ በኋላ እስኪሞላ ሁለት ሦስት ቀን እንደሚፈጅ ሳያውቁ፣ «ዳግም ደረቀብኝ» ብሎ መድገም ነው። እዚህ ላይ ነው ጤናማ ሰው ራሱን ታማሚ የሚያደርገው። የጉሎ ዘይትን ደግሞ ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ እንዳትጠጣ፤ ምጥ ሊያስነሣ ይችላልና።

ነፍሰ ጡሮችን ካነሣሁ ስለ አይረን ክኒን መናገር ይኖርብኛል። ክኒኑ ድርቀት ያመጣል፤ ዓይነ ምድርንም ያጠቁራል። ብዙ ሴቶች በዚህ ምክንያት ሳይናገሩ ያቆሙታል። የደም ማነስ ግን ለእናትም ለልጅም ከድርቀት ይልቅ አደገኛ ነው። የነገርኳችሁን ሁሉ፣ ማለትም ተልባውን፣ ጥራጥሬውን፣ የጠዋቱን ሰዓት፣ በመጀመሪያ የምትነግሯት ለእርሷ ይሁን፤ ካልበቃት ክኒኑን ሳታቋርጥ ወደ ጤና ባለሙያዋ ትሂድ። ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎችና አንዳንድ የጨጓራ መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርቃሉ።

በመጨረሻ፣ እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ የማይሠራባቸውን ሁኔታዎች ልናገር። በዓይነ ምድር ላይ ደም ከታየ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ የደም ማነስ ከተገኘ፣ ዕድሜው ከ50 ባለፈ ሰው ላይ ልማዱ በድንገት ከተለወጠ፣ ወይም ድርቀቱ ከጥቂት ሳምንታት በላይ ከዘለቀ በተልባ አትጠብቁ፤ ተመርመሩ። ከዚህም የባሰ አለ። ሰው ዓይነ ምድር ብቻ ሳይሆን አየርም አልወጣ ካለው፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ከተነፋ፣ ቁርጠትና ትውከት ካለው፣ ይህ ድርቀት አይደለም፤ የአንጀት መዘጋት ሊሆን ይችላል። የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ በአገራችን ሆስፒታሎች በአዋቂዎች ላይ ለሚታየው የአንጀት መዘጋት ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ሰናመኪም፣ የጉሎ ዘይትም፣ ተልባም መስጠት አደገኛ ነው። ሌሊትም ቢሆን፣ መንገዱ ሩቅም ቢሆን፣ በዚያው ዕለት ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ይወሰድ።

ጥያቄያችሁን በቃል ማቅረብ የሚከብዳችሁ በወረቀት ጽፋችሁ፣ ስማችሁን ሳትጠቅሱ ወደ መድረኩ ልትልኩ ትችላላችሁ።